ቀማሽ ያጣ ቸኮሌት

ኅዳር 14

ነገ ጾም ይገባል። ቅበላው አልቆ ድስቱ ታጥቧል። ሊያ የመጨረሻ ወተቷን ጠጥታ ከንፈሯን በእጅጌዋ ጠረገችና «ከነገ ጀምሮ እኔም ጿሚ ነኝ፣ ማንም ወተት እንዳያሳየኝ» አለች። ልጄ ስምንት ዓመት ሞላት። እስካሁን ረቡዕና ዓርብን እየሸራረፈች ነበር፤ ዘንድሮ ግን የነቢያትን ጾም እስከ ገና ልትጨርሰው ነው። መኩራት ኃጢአት ነው ይላሉ። ቢሆንም ኮርቻለሁ።

ማታ ኤርሚያስ ከወልድያ ደወለ። የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ከዚህ በፊት ሁለቴ የልደት ኬክ ጋግሬለታለሁ። ለገና ማታ ትልቅ ግብዣ አለው። አሁን የፈለገው ግን ኬክ አይደለም። ፎቶ ላከልኝ፤ እንደ ገመድ ተጠማዝዞ የተቋጠረ፣ ጨው የተነሰነሰበት ደረቅ ዳቦ፣ ግማሹ ቸኮሌት ውስጥ የተነከረ፣ ላዩ ላይ ቀይና ነጭ ስኳር የተበተነበት። ፕሬትዝል ይሉታል።

«አለሚቱ፣ ይሄን ካሳመርሽልኝ የሆቴሉን የኬክ ክፍል ላንቺ ነው የምሰጠው» አለኝ።

«ምን ችግር አለው» አልኩት፣ ስሙን እንኳ በቅጡ መጥራት ሳልችል። መርሳ ውስጥ ኬክ በየወሩ አንዴ ነው የሚታዘዘኝ። ሆቴሉን ካገኘሁ አበባው መንገድ ለመንገድ መንከራተቱን ይተዋል። እሱ ኮምቦልቻና ወልድያ መሀል አይሱዙ ይነዳል፤ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር እኔ እዚህ ትንፋሼን ይዤ እቀመጣለሁ። ሰልችቶኛል።

ኅዳር 18

አልሆነም። ሊጡ አበጠና ቋጠሮው ተደፈነ፤ የቤት ዳቦ ሆኖ ወጣ። ቪዲዮው ላይ ያለችው ሴትዮ መጀመሪያ ሶዳ በገባበት የፈላ ውኃ ውስጥ ትዘፍቀዋለች። እኔ ዘልዬው ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ነገ እንደገና።

ኅዳር 21

ጽዮን ናት፤ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አበባው መጥቶ አገኘሁት። ቸኮሌቱን ከደሴ አምጥቶልኛል፣ እንደ ሳሙና የጠጠረ ትልልቅ ጥፍጥፍ። ዛሬ አድሮ ሊነጋጋ ሲል ይሄዳል፤ ረዳቱ ጥሩምባ እየነፋ ሰፈሩን እንዳይቀሰቅስ ነግሬዋለሁ።

ዛሬ ቋጠሮው ተሳካ። ቸኮሌቱን ጎድጓዳ ሳህን ላይ አድርጌ በፈላ ውኃ እንፋሎት አቀለጥኩት፣ ነከርኩት፣ የማያጣብቅ የመጋገሪያ ወረቀት ላይ ደረደርኩት። ያምራል። ግን ቸኮሌቱ ወተት አለው፣ እኔ ደግሞ ጾመኛ ነኝ። ሳልቀምስ በምን አውቃለሁ? በእድሜዬ የማልቀምሰውን ነገር ሠርቼ አላውቅም። አጥሩን አንኳኩቼ ከድጃን ጠራኋት። ጎረቤቴ ናት፣ ሻሽ ትሸጣለች፣ ምላሷ ለምግብም ለወሬም ስል ነው።

አንዱን አንስታ ገለበጠችው። «አለሜ፣ ይሄ እኮ እጁን አጣምሮ የተቆጣ ሽማግሌ ነው የሚመስለው።» ቆረሰች። ብዙ አላመጠች። «ጨው በዝቷል። ወላሂ ምላሴ ደረቀ።»

«ጨው ያለበት ነው የሚባለው።»

«ታዲያ ሰውዬው እንግዳ ሊጋብዝ ነው ወይስ ሊቀጣ?»

ሊያ በሩ ላይ ቆማ ትስቅ ነበር። «እማዬ፣ እኔ ከገና በኋላ ስንት ልብላ?» አለችኝ። «እስኪበቃሽ» አልኳት። ከዚያ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ባንድ ትንፋሽ ጠጣች። ቸኮሌት ያላየች ምራቋ ደረቀ ብለን ሳቅንባት።

ኅዳር 27

ወፍጮ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። «የአለሚቱ ልጅ ምነው እንዲህ መነመነች?» «ይች ቁመተ ረጅሟ?» «አዎ፤ ቀሚሷ እኮ ተሰቅሎባት ነው የምትሄደው።» ዘወር አልኩና «ጾም ላይ ናት» አልኳቸው። «ይች ሕፃን? ጎበዝ!» አሉ። ቤት እስክደርስ ፈገግ ብዬ ነበር።

ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የሞላሁት ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን በማግሥቱ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ማን ጨረሰው? «ጠጣሁት» አለች ሊያ። ጀሪካን ሙሉ ማን ይጠጣል! አሻንጉሊቷን አጥባበት ይሆናል። ተቆጣኋት።

ታኅሣሥ 2

አልጋዋን አረጠበች። ሁለተኛ ቀኗ ነው። በሦስት ዓመቷ የተወችው ነገር። ባለፈው ሳምንት ከተራራው በኩል ተኩስ ይሰማ ነበር፤ ደንግጣ ነው። አበባው በስልክ «ልጅ ናት፣ ያልፋል» ይላል። ፍራሹን ፀሐይ ላይ የማወጣው እኔ ነኝ፤ ለእሱ ያልፋል።

ከዛሬ ጀምሮ ከመሸ ውኃ አይሰጣትም ብያለሁ።

ታኅሣሥ 5

ዛሬ በንዴት ነው የምጽፈው።

ጠዋት አንሶላዋን ላነሣ ስል ጉንዳን። ጥቃቅኗ ቡናማዋ ጉንዳን ከመስኮቱ ሥር ጀምራ በግድግዳው ወርዳ አልጋዋ ላይ ወጥታለች። እርጥቡን ከባዋለች። የሌሊት ፖፖዋንም እንዲሁ። እኔ ደግሞ የጉንዳንን ጠባይ አውቃለሁ፤ ጣፋጭ ሳይኖር አትሰለፍም። ወዲያው ገባኝ። ቸኮሌት አልጋዋ ውስጥ ደብቃ እየበላች ነው። በጾም!

ፍራሹን ገለበጥኩ፣ ትራሱን ፈታሁ። ምንም የለም። በልታ ጨርሳዋለች። ሄጄ ለናሙና ብዬ ጓዳ ያስቀመጥኩትን ካርቶን አየሁ። ሦስት ፍሬ ጎድሏል። ተመስገን ጉንዳኗ ካርቶኑን አልደፈረችውም፤ አጠገቡ አንድም አልነበረችም። ያን ሁሉ ልፋት በልታብኝ ነበር።

«ሊያ፣ ቸኮሌት በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

«ታዲያ ጉንዳኑን ማን ጠራው?»

«አላውቅም። በማርያም አልበላሁም።»

በማርያም ስም መማሏ ነው ያቃጠለኝ። መብላቱንስ ልጅ ነው ይበላል። ጭኗ ላይ ቆነጠጥኳት፤ ቆዳዋን ብቻ ያዝኩ፣ ሥጋ አላገኘሁም። ካርቶኑን ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሠርኩት። ሌባ አላሳድግም።

ታኅሣሥ 8

አስተማሪዋ አስጠራችኝ። «ሊያ በየክፍለ ጊዜው ሽንት ቤት ትጠይቃለች፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ዴስክ ላይ ትተኛለች። ቤት ውስጥ ሥራ ይበዛባታል?» አለችኝ። የቤት ሠራተኛ አደረገችብኝ እኮ ልጄን! «ጾም ላይ ናት» ብዬ ወጣሁ።

ከድጃ ስኳሩ የተበተነበትን ልትቀምስ መጣች። አሁን ጨው ልክ ነው አለች። ከዚያ እንደ ዘበት ስለ ጉንዳኑ ነገርኳት፣ እንድትስቅ ብዬ። አልሳቀችም።

«አባዬ ሳይሞቱ እንደዚህ ነበር» አለች። «ውጭ ሸንተው ሲመለሱ ጉንዳኑ ይከባል። ኋላ ስኳር ነው አሏቸው።»

«አባትሽ ሽማግሌ ነበሩ። ይች ስምንት ዓመቷ ነው።»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አለሜ። አንዴ ብትታይ ምን ይጎዳል?»

«ልጄ ላይ በሽታ አትጥሪብኝ፣ ከድጃ። የሰረቀች ልጅ ናት፣ በቃ።»

ሁልጊዜ ሁለተኛ የምትቀምሰዋ ከድጃ ዛሬ አንዱን ግማሽ ትታ ሄደች። ክፉ ተናግሬ ይሆን? ይቅርታ እላታለሁ፣ ይሄ ግብዣ ይለፍ ብቻ።

ታኅሣሥ 12

የነፍስ አባታችን መምሬ ወርቁ ለጸበል ርጭት መጡ። ሊያን ወደሳቸው ገፋ አደረግኳትና «አባ፣ በጾም ሰርቃ በላች፣ በማርያም ስምም ማለች፤ ይገሥጹልኝ» አልኳቸው።

እሳቸው ግን አገጯን ይዘው ቀና አደረጓት። ብዙ አዩዋት። «ምነው ልጄ፣ ዓይንሽ ገባ?» አሏት። ለእኔ ደግሞ «አለሚቱ፣ እግዜር የሕፃን ሥጋ አልጠየቀም። ወተት ስጫት። እኔ ፈትቻታለሁ» አሉኝ።

«ራሷ ናት የምትፈልገው፣ አባ። ሊያ፣ መጾም ይከብድሻል?»

ልጄ እኔን አየችኝ። «አይከብደኝም» አለች።

«ይኸው» አልኳቸው። መስቀላቸውን አሳልመዋት ሌላ ሳይናገሩ ወጡ። ሲወጡ አብሯቸው ለመጣው የሰበካ ጉባኤ ሰው ቀስ ብለው «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ሲሉ ሰማሁ። ስለ ማን እንደሆነ እንጃ።

ታኅሣሥ 16

ክፉ ቀን። እንፋሎቱ አንድ ጠብታ ውኃ ቸኮሌቱ ውስጥ ጣለ፤ ያ ሁሉ ለስላሳ ነገር ባንዴ ጓጉሎ አሸዋ ሆነ። አይታረምም። ሙሉ ጥፍጥፍ ተበላሸ። አበባው ሌላ እንዲያመጣ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ሲመጣ ይድረሰው ብዬ መልእክት ጻፍኩለት።

እዚያው ንዴት ላይ እንዳለሁ ሊያ መጥታ ተጠጋችኝ፤ ትንፋሿ ፊቴ ላይ አረፈ። ጣፋጭ። የበሰለ ፍራፍሬ ዓይነት፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም የሚመስል። አፏን ከፍቼ አሸተትኩ። እርግጥ ነው። ይች ልጅ ከየት እያመጣች ነው? ሣጥኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ከሱቅ ገዝታ በልታ ነው?

ሲመሽ ውኃ ለመነችኝ። አይሆንም፣ ታረጥቢያለሽ አልኩ። እንደገና ለመነች። ምላሷ ከላንቃዋ ጋር ተጣብቆ ቃሉ እንኳ በደንብ አይወጣላትም። «እውነቱን ንገሪኝና እሰጥሻለሁ» አልኳት። «በልተሻል አልበላሽም?»

ጀሪካኑን አየች።

«በልቻለሁ» አለች። «እሺ በልቻለሁ። ሁሉንም በልቻለሁ። አሁን ስጪኝ።»

ሰጠኋት። ሦስት ብርጭቆ። እየጠጣች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትጠጣለች። አቀፍኳት። እውነት ስለተናገርሽ አልቆጣሽም አልኳት። ደረቴ ቀለለኝ። ልጅን ቀጥ አድርጎ ማሳደግ ይከብዳል እንጂ ፍሬው እንዲህ ነው።

ታኅሣሥ 19

ገብርኤል። አበባው ከኮምቦልቻ ደወለ፤ ሌላ ቸኮሌት ገዝቶ በሚኒባስ ልኳል። ልንዘጋ ስንል «ያን ጊዜ የወሰድኳትን እኮ የባለመኪናው ልጆች ጨረሷት፤ ከየት ነው የሚገዛው ብለው አስጨነቁኝ» አለኝ።

«የቷን?»

«ሦስት ፍሬ በወረቀት ጠቅልዬ ወስጄ አልነበር? ሌሊት ነው የወጣሁት፣ ልቀሰቅስሽ አልፈለግኩም።»

ስልኩን ዘጋሁ። እዚያው ተቀመጥኩ።

ታዲያ ለምን በልቻለሁ አለች?

ሌላ በልታ ይሆናል። ጉንዳኑስ? ትንፋሿስ? ሦስቱን አልወሰደችም እንጂ ከሌላ ቦታ… ልነግራት ተነሣሁ፤ ተኝታለች። ሰሞኑን ከትምህርት ቤት መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የምትተኛው። ነገ እነግራታለሁ። ይቅርታም እጠይቃታለሁ። ነገ ደግሞ ሊጥ አለብኝ።

ታኅሣሥ 22

መብራት የለም። ሊጡ አበጠ፣ ምድጃው ቀዝቃዛ። ዳቦ ቤት ለመንኩ። ግማሹ ተቃጠለ።

ሊያ ሆዴን አለች። ትል ይሆናል። ፌጦ በጥብጬ ሰጠኋት። አስመለሳት።

አልነገርኳትም። ጊዜ አጣሁ።

ታኅሣሥ 25

እንደገና አስመለሳት። ወገቧን በሁለት እጄ ስይዛት ጣቶቼ ዞረው ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ወተት ልስጥሽ፣ ጾሙ ይቅር አልኳት። አልፈልግም አለች፤ ውኃ ብቻ። ሰጠሁ። ከዛሬ ጀምሮ አልከለክላትም።

ኤርሚያስ በቀን ሦስቴ ይደውላል። «ሁሉም ደረቅ መሆን አለበት፣ እጅ ላይ መቅለጥ የለበትም፣ ትልልቅ ሰዎች ናቸው።» መርሳ ላይ በቀትር እኔ ራሴ እቀልጣለሁ ልለው ነበር።

ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ። ነክሬ ልጨርስና ከነገ ወዲያ። ወልድያ ላስረክብ ስሄድ አብሬያት ብሄድ ደግሞ ይሻላል፣ እዚያው ሆስፒታል አሳያታለሁ። እንደዚያ ነው የማደርገው።

ታኅሣሥ 27

ጠዋት። መብራት መጣ። መንከር ጀመርኩ። ሊያ ተኝታለች።

እኩለ ቀን። ግማሹ አለቀ። ይደርቃል። ሊያ አሁንም ተኝታለች። ተመስገን፣ ዕረፍት ይሻላታል። ትንፋሿ ጮክ ብሏል፤ ከጓዳ ይሰማኛል። ጉንፋን።

ከሰዓት። ቀዩ ስኳር አነሰ። ነጩን አበዛሁ። ጠራኋት፣ «እ» አለች። አልተነሣችም። አሥር ፍሬ ቀርቶኛል።

ታኅሣሥ 28

ወልድያ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ። ደብተሩ የዱቄት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሌላ የማደርገው ስለሌለ እጽፋለሁ።

ትናንት አመሻሽ ላይ ከድጃን ለመጨረሻው ቅምሻ ጠራኋት። ገባች፤ ቸኮሌቱን አላየችም። በጓዳው በር አልፋ የሊያን ትንፋሽ ሰማች። «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። «ጉንፋን ነው» ስላት ሮጣ ገባች። የሊያን ዓይን ከፈተች። «ያ አላህ! አለሚቱ፣ ይች ልጅ እኮ እየሄደች ነው!» ብላ ጮኸች። ልጄን በነጠላዬ አዝላ ወጣች። እኔ በቸኮሌት እጄ ከኋላዋ ሮጥኩ። ቀድሞ ያዘለቻት እሷ ናት። እኔ አይደለሁም።

ጤና ጣቢያ ጣቷን ወጓት። ማሽኑ ቁጥር አልሰጠም። ነርሷ እንደገና ወጋቻት። «ከመለኪያው በላይ ነው» አለችና አምቡላንስ ጠራች። ሲሪንቃን ስናልፍ ጨለመ። ኬላ ላይ አስቆሙን፤ ወታደሩ በባትሪ አይቷት ምንም ሳይጠይቅ ገመዱን አወረደው።

እዚህ ዶክተሩ ይጠይቃል፤ እኔ እመልሳለሁ። ውኃ ታበዛ ነበር? አዎ። ሽንት? አዎ። አልጋ ላይ? አዎ። ከስታለች? አዎ። ከመቼ ጀምሮ? እያንዳንዱን አውቀው ነበር። አንድም አላውቅም ያልኩት የለም።

«ቸኮሌት በልታ ነው ዶክተር? ሰርቃ በልታ ይሆን?»

«እናት፣ ይሄ ከመብላት አይመጣም» አለ። «ሰውነቷ ስኳሩን መጠቀሚያ የለውም፤ በሽንት ነው የሚወጣው። ጣፋጭ የሆነችው እሷው ራሷ ናት።»

ጉንዳኗ አውቃለች። እኔ አላወቅኩም።

ቁልፉ አሁንም አንገቴ ላይ አለ።

ታኅሣሥ 29

ገና። አልነቃችም። በሁለት እጇ መርፌ ተሰክቷል።

ከድጃ ቸኮሌቱን ራሷ አሽጋ በወንድሟ በሚስባህ ሚኒባስ ወደ ሆቴሉ ልካዋለች። እኔ አላሰብኩትም ነበር። ማታ ኤርሚያስ መልእክት ጻፈ፦ «ሁሉም ወደደው! አንድ አልተረፈም። መልካም ገና! ስለ ኬክ ክፍሉ እናወራ።» ሆቴሉ ከዚህ ቅርብ ነው፤ ሙዚቃው ይሰማል። አልመለስኩለትም።

አበባው ደረሰ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ግድግዳው ጋ ቆሞ ያለቅሳል። «ሦስት ፍሬ ብዬ እኮ ነው» ይላል ደጋግሞ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። እንዲህ ልለው ይገባ ነበር፤ አላልኩትም። ጥቂት ከእኔ ጋር ይካፈለው ብዬ ዝም አልኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

ጥር 1

ነቃች። አምላኬ ሆይ፣ ነቃች።

ነርሷ ብርጭቆ ውኃ ሰጠቻት። ሊያ ተቀብላ ያዘችው። አልጠጣችም። መጀመሪያ ወደ እኔ አየች።

«ጠጪ» አልኳት። «ጠጪ የኔ ልጅ። እስክትረኪ ጠጪ።» ከዚያ ወጥቼ ሽንት ቤት በር ላይ ተቀመጥኩ። ሌላዋ አስታማሚ ልጄ የሞተች መስሏት ልታጽናናኝ መጣች።

ጥር 4

ይቅርታ ጠየቅኳት። አባትሽ ነው የወሰደው፣ አንቺ አልሰረቅሽም፣ እኔ ነኝ የበደልኩሽ አልኳት። «እሺ» አለች። «ታዲያ ለምን በልቻለሁ አልሽኝ?» ብዬ ጠየቅኩ፣ መጠየቅ ሳይገባኝ። «ውኃ ጠምቶኝ» አለች። እንደ ቀላል ነገር።

ጥር 6

ልንወጣ ነው። መርፌ መውጋት አስተማሩኝ፤ ዕድሜ ልክ ነው። መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም፤ መብራት ሲጠፋ በእርጥብ አሸዋ መሀል ሸክላ ገንቦ ውስጥ አስቀምጪው ብለውኛል። ዶክተሩ አንድ ነገር ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ። አሁን የሚያስፈራው የስኳሩ መውረድ ነው። ካንቀጠቀጣት፣ ካላባት፣ ዓይኗ ከዞረ ያኔውኑ ስኳር ወይም ከረሜላ። ኪሷ ባዶ መሆን የለበትም። «ዋናው ግን ራሷ መናገር አለባት» አለ። «ከማንም በፊት የሚሰማት እሷን ነው። ስትነግርሽ እመኛት።»

ሊያ ጫማዋን እያየች ትሰማ ነበር።

ጥር 8

ቤት። «አመመሽ?» እላታለሁ፣ «አላመመኝም» ትላለች። «ራበሽ?» «አልራበኝም።» «ደስ አለሽ?» «አዎ።» የምትለውን ሁሉ ፊቴ ላይ አንብባ ነው የምትለው። ይች ልጅ እንዲህ አልነበረችም፤ አንድ ስትባል ሁለት የምትመልስ ነበረች። እውነቱን አመነችልኝ ብዬ ደስ ያለኝ ቀን ነው ያጣኋት።

ከድጃን ይቅርታ ጠየቅኳት። «አብሽሪ፣ አልሐምዱሊላህ ተርፋለች» አለች። ግን ስታወራኝ እጇ የሊያ ራስ ላይ ነው፤ ሊያም እሷ ጉያ ውስጥ።

ጥር 10

ከተራ። ጠዋት ለካሁላት፣ ወጋኋት፣ በደንብ አበላኋት። መምሬ ወርቁ የዋዜማውን ጾም፣ ጋዱን፣ አንቺ አትጾሚም ብለዋታል፤ የጾምኩት እኔ ነኝ። ነጭ ቀሚሷን አለበስኳት፣ ኪሷ ውስጥ ከረሜላ አደረግሁ። «ካንቀጠቀጠሽ ትበያለሽ፤ እሺ?» «እሺ።»

ታቦቱ ወጣ። ሕዝቡ እየዘመረ ቀስ እያለ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወረደ። ፀሐይ ነበር። እጄ ውስጥ ያለው እጇ ሲረጥብ ሙቀቱ ነው ብዬ አሰብኩ። «ደከመሽ?» «አልደከመኝም።» ጥቂት እንደሄድን «ራበሽ?» አልኳት። «አልራበኝም።» ወደ ታች ሳያት ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ከዚያ ጉልበቷ ከዳት።

አስፋልቱ ላይ ተቀምጬ ጭኔ ላይ አደረግኳት። ላቧ ቀሚሷን አርሶታል፣ ጥርሷ ይጋጫል። ኪሷን ዳበስኩ። ከረሜላው ሁሉም እንደታሸገ አለ።

«ሊያ! ለምን አልበላሽም? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስበላ ታይኛለሽ ብዬ» አለች።

አንዱን ልጬ ከንፈሯ ላይ አደረግኩት። ጥርሷን ገጠመች፣ ራሷን ወዲህና ወዲያ አወዛወዘች። «አልበላም። በጋድ አልበላም። እኔ አልሰርቅም።»

ታቦቱ ቆሟል። ካህናቱ ይወርባሉ። ሰው ከቦናል፤ «ጸበል ርጩባት!» የሚል አለ፣ «ንፋስ ስጧት!» የሚል አለ። መምሬ ወርቁ ከጥላው ሥር ወደ እኛ ያያሉ። ለመንኳት። ዓይኗ መዞር ጀምሯል፤ አፏ ግን እንደተዘጋ ነው። ልጄ ሌባ ላለመባል ልትሞትብኝ ነው፤ እኔው ነኝ ያስተማርኳት።

ከረሜላውን እኔ ጎረስኩት።

«እይኝ» አልኳት። «ሊያ፣ እይኝ። እኔ እየበላሁ ነው። በጋድ። ታቦቱ ፊት።» እንዲሰማት አድርጌ ቆረጠምኩት። አንዲት ሴት «በስመ አብ!» ስትል ሰማሁ። ምላሴን አውጥቼ አሳየኋት። «አየሽ? ማንም አይቆጣንም። የሚቆጣ ካለ እኔን ነው።»

ብዙ አየችኝ። ከዚያ አፏን ከፈተች። ሁለተኛውን ልጬ አጎረስኳት፤ ጉንጯ ሲንቀሳቀስ ከጭንቅላቴ በላይ የሚሉትን ሁሉ መስማት አቆምኩ። ታቦቱ ጉዞ ጀመረ፣ ሕዝቡ በሁለት በኩል እየዞረን አለፈ፣ እኛ እዚያው ቀረን። ጥቂት ቆይቶ ጥርሷ መጋጨቱን ተወ። እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች፤ ሦስተኛውን እኔን ሳታይ ላጠችው።